ሌላ ላብ ቢፈልጉ ይሻላል

ፈትሂያ ሸረፋ አንዲት ሙሽራ ሦስት ቦታ ልካ ሦስት ሙሽራ ተመለሰላት።

ሙሽራዋ የአክስቷ ልጅ አሚኔ ናት። ነጭ ቬሎ ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ የተነሳችውን አንድ ነጋቲቭ ነው ፈትሂያ በየተራ ወደ ሦስት ላብ፣ ማለት ፎቶ ማጠቢያ ቤት፣ ልካ ያሳጠበችው። ከአዲስ አበባው የመጀመሪያ ላብ የመጣችው አሚኔ ፊቷ ላይ አመድ የተነፋባት ትመስላለች። ከሁለተኛው የመጣችው በበርበሬ ታጥባ የወጣች ቀይ ሴት ናት፤ ቬሎው ራሱ ሮዝ ሆኗል። ከወልቂጤው የመጣችው ግን አሚኔ ነበረች። ነጩ ነጭ ነው፤ ጠይሙ ጠይም ነው። የጣቷ ሂና ገና ያልደረቀ ይመስላል።

ፖስታው ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አብራ መጥታለች። «ጨርቁን ተከትዬ ሳትመው ፊቷ ጠቆረ፤ ፊቷን ተከትዬ ሳትመው ጨርቁ ነደደ። መሃሉን እስካገኝ አምስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዑመይር።»

አምስት ወረቀት አበላሽቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይታ ስለማታውቅ ፈትሂያ ተናደደች። ከዚያ ብጣሿን ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ይህ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ቡታጅራ ላይ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ዲጂታል ካሜራማ በወሬ ነው የሚታወቀው። ፈትሂያ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ዋናው ሥራዋ ግን ሰርግ ነው፤ እሱም የሴቶቹ ወገን። ከቡታጅራ እስከ እንሴኖ ድረስ ሙሽራዋን ወንድ ፎቶ አንሺ እንዲያያት የማይፈልግ ቤተሰብ ሁሉ «የሸረፋ ልጅ ትምጣ» ይላል። ሴቶቹ እሷ ፊት ፀጉራቸውን ይፈታሉ፤ ይጨፍራሉ፤ ይስቃሉ።

ላብ መምረጥ ለሌላው ሰው የቀለም ጉዳይ ነው። ለእሷ የአደራ ጉዳይ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ላብ የእንሴኖ ሙሽራ ፎቶ ማንንም ሳይጠይቅ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ፈትሂያ ወሬውን እንደሰማች ሄዳ በገዛ እጇ አወረደችው። «ቆንጆ ስለሆነች እኮ ነው» አላት ባንኮኒው ላይ ያለው ሰውዬ፣ እንደ ውለታ። የሙሽራዋ እናት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈገቻት። ዑመይር ግን የተበላሹትን ወረቀቶች ሳይቀር በመቀስ አራት ቦታ ቆራርጦ ፖስታው ውስጥ ይልክላታል፤ እጁ ላይ አንድም ቅጂ እንዳልቀረ እንድታውቅለት። ከዚያ በኋላ ሌላ ላብ ማሰብ ተወች።

ፊልሙ በአገና በኩል በሚመላለሱ ሚኒባሶች ይሄዳል፤ ፎቶው በእነሱው ይመለሳል። ብጣሽ ወረቀቶቹም እንዲሁ።

«ባለፈው የላክሁት ሰማይ አረንጓዴ ሆኖ መጥቷል» ብላ ጻፈች አንድ ቀን። «ቡታጅራ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። የወልቂጤን አላውቅም።»

«የወልቂጤም ሰማያዊ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ቀን አሞኝ ነበር» የሚል መልስ መጣ።

ሦስት ቀን ሙሉ ተበሳጨች። የታመመ ሰው ለምን ሥራ ይገባል? ለምንስ ማንም አልነገራትም? ግን ማን፣ ምን ብሎ ሊነግራት ኖሯል? በሚቀጥለው ፊልም ላይ «አሁንስ ተሻለህ?» ብላ ላከች። ያቺ «ህ» ከእጇ ያመለጠችው ያን ቀን ነው። እሱም «ተሻለኝ፤ አንቺስ ደህና ነሽ?» ብሎ መለሰ። «እርስዎ» ከመሃላቸው በዚያው ቀረ።

ዓይን ለዓይን የተያዩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ዑመይር ነጋቲቩን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ እያየላት ነበር። ከዚያ ነጋቲቩ ዝቅ አለ፤ ዓይኑ ግን አልወረደም። እሷም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። የላቡ ባለቤት ጋሽ ባዩ ከኋላ ሆነው ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሁለቱም እንደዚያው ቆሙ። ያን ቀን ወደ ቡታጅራ ስትመለስ መንገዱ አጠራት።

እንግዲህ ዑመይር ምንድን ነው? የእንሴኖ ገበሬ ልጅ ነው፤ የሰው ማሽን ላይ የሚሠራ ደሞዝተኛ። የፈትሂያ አባት ደግሞ ቡታጅራ ገበያ ላይ ስማቸው የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ኡበይድ መርካቶ ሱቅ አለው። እና ኡበይድ ጓደኛ አለው፤ ሀቢቡ የሚባል።

ሀቢቡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሰላምተኛ፣ ለጋስ፣ ለሰው የሚያስብ ሰው ነው። ፈትሂያን ለማግባት ሲያስብ ኡበይድን «እህትህ ምን ትወዳለች?» ብሎ ጠየቀው። «ፎቶ» አለው ኡበይድ። በቃ! ሀቢቡ የፎቶ ማተሚያ ማሽን ከውጭ ሊያስመጣላት ቆረጠ። ላቡ ቡታጅራ ላይ፣ በስሟ ሊከፈት ነው።

«ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ኡበይድ፣ የመስገጃ ምንጣፍ ያህል የሰፋውን የማሽኑን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ። «ላብ ፍለጋ መንከራተት ቀረ!»

«ማሽኑን ማን ሊያንቀሳቅሰው ነው?»

«ሰው ይቀጠራላ!»

«እኮ ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሰው ሞልቷል!»

«ሞልቷል» አለች ፈትሂያ። «አመድ የሚነፋም ሞልቷል፤ በበርበሬ የሚያጥብም ሞልቷል።»

ኡበይድ ያበደች መሰለው። ቤተዘመዱ ሁሉ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላት ጀመር፤ ማሽኑን ይሁን ባሉን ሳይለይ። እሺ ያለችው ነገር አልነበረም። እንቢ ያለችውም ግን አልነበረም። ሌሊት ትበሳጫለች፤ ቀን ሥራዋን ትሠራለች።

በዚህ መሃል፣ ሚያዝያ ላይ፣ የአሚኔ ታናሽ እህት ተዳረች። ፈትሂያ ሦስት ፊልም ጨርሳ እንደ ልማዷ ወደ ወልቂጤ ላከች። በሳምንቱ ፎቶው አልመጣም። በአሥረኛው ቀን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብቻዋን መጣች።

«ከእንግዲህ ሌላ ላብ ቢፈልጉ ይሻላል። ዑመይር።»

ፈትሂያ ወረቀቷን ገለበጠቻት። ጀርባዋ ባዶ ነው። እንደገና አነበበቻት። ሌላ ላብ የምትለዋ አይደለችም ያቃጠለቻት፤ «ቢፈልጉ» የምትለዋ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ዛሬ «ቢፈልጉ»! በር ድረስ አውጥቶ፣ ጫማዋን አስይዞ፣ በአክብሮት «ደህና ይሁኑ» ያላት ያህል ፊቷ ጋለ።

«እሺ!» አለች ለብቻዋ። «እፈልጋለሁ። ላብ ሞልቷል!» ካለች በኋላ የኡበይድን አነጋገር እንደደገመች ገባትና ይብሱን ተናደደች።

በማግስቱ ማለዳ በአገና በኩል በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ሾፌሩ በየመንደሩ ይቆማል፤ ረዳቱ ሞልቶ በፈሰሰው መኪና ላይ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። አገና ላይ የቆጮ ጭነት ከላይ እስኪታሰር ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ፈትሂያ መስኮቱ ሥር ተጨናንቃ የምትናገረውን ታጠናለች። ፊልሞቼን ስጠኝ እላለሁ። ሌላ ምንም አልልም። ቀና ብዬም አላየውም። እንዲህ እያለች ወልቂጤ ገባች።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች ከላቡ በር ላይ።

ዑመይር ከማሽኑ ጀርባ ቀና አለ። ከስቷል። «ወዐለይኩም ሰላም። እንኳን ደህና መጡ።»

«መጡ?» አለች፤ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። «እነማን ናቸው የመጡት? እኔ ብቻዬን ነኝ የመጣሁት!»

ጋሽ ባዩ ከወዲያ ማዶ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ዑመይር መሳቢያ ከፈተና ሦስቱን ፊልሞች ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ከነቆርቆሯቸው ናቸው። አልታጠቡም።

ፈትሂያ ፊልሞቹን አየች፤ እሱን አየች። «አልነካሃቸውም?»

«አልነካኋቸውም።»

«አሥር ቀን! የሰርጉ ሰዎች በየቀኑ ደጄ ላይ እየቆሙ፣ እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ስዋሽ፣ አንተ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ...» ድምጿ ተሰበረ። መሰበሩ አናደዳት። «ምን አድርጌህ ነው? እሱን ብቻ ንገረኝና ልሂድ!»

ዑመይር የሥራ ጋዋኑን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። «ጋሽ ባዩ፣ እንደተነጋገርነው ነው» አለና ከባንኮኒው ወጣ። ጋሽ ባዩ ጋዜጣቸውን መልሰው ፊታቸው ላይ ዘረጉ።

ውጭ ካፊያ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሙ፤ በመሃላቸው ሌላ ሰው ሊቆምበት የሚችል ያህል ቦታ ትተው።

«ኬሚካሉ ሞቷል» አለ ዑመይር መንገዱን እያየ። «ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ጋሽ ባዩን አዲስ ይገዛ ብላቸው ውሃ ጨምርበት ይሉኛል። ዛሬ የሚታተመው ዛሬ ያምራል፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አልበሙን ሲገልጡት ግን ሙሽራዋ የለችም። ወረቀትስ ይሁን፤ ወረቀት ቢበላሽ ነጋቲቩ ካለ እንደገና ይታተማል። ፊልሙን ራሱን እዚያ ውስጥ ከከተትኩት ግን አለቀ። ሰርጉ እንደገና አይደገስም። ስለዚህ አልነካኋቸውም። እሳቸውም ካልነካህ ውጣ አሉኝ። ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው።»

ፈትሂያ ከባንኮኒው ያነሳቻቸውን ሦስት ፊልሞች መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻቸው። ከዚያ እንደገና ነደደች። «ታዲያ ይህንን መጻፍ አቃተህ? ‹ኬሚካሉ ሞቷል› ሁለት ቃል ናት! ሁለት!»

«ምክንያቱን ከጀመርኩ ረጅም ደብዳቤ ይሆናል።»

«ቢሆንስ?»

«ረጅም ደብዳቤ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም ነበር።» ድምፁ ወረደ። «ለታጨች ሴት ደግሞ እንደዚያ አይጻፍም።»

«ለማን?»

«ወንድምሽ መጥቶ ነበር። በሰላም ነው የመጣው፤ አልሰደበኝም። እህቴ ታጭታለች፤ እጮኛዋ ላብ እየከፈተላት ነው፤ ይሄ የወረቀት ነገር ስሟን ያበላሻል አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ...»

«ቆይ። ኡበይድ ታጭታለች አለህ፤ አንተም አመንክ?»

«ወንድምሽ ነው የነገረኝ።»

«በስንት መከራ ‹ሽ› አልክ!» አለች ፈትሂያ፤ እንባዋና ቁጣዋ ተቀላቅለው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፈህልኛል። የቬሎው ነጭ ሲበዛ ትጠይቀኛለህ፤ ዳሩ ሲቆረጥ ትጠይቀኛለህ፤ የማንም እጅ ከጠርዙ ሲገባ ትጠይቀኛለህ! እኔን ታጭተሻል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ያቃተህ?»

ዑመይር ራሱን አቀረቀረ። ካፊያው የሱቁን ቆርቆሮ ይመታል።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«አዲስ አበባ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ላቡን አይቼዋለሁ፤ ንጹህ ነው። ኬሚካሉን በቀኑ ይቀይራሉ።»

አዲስ አበባ። እስከ ዛሬ ቡታጅራንና ወልቂጤን የለየው ተራራ ትንሽ መሰላት። ያን ሁሉ ትታ፣ ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ፣ «የደንበኛ ፎቶ መስኮት ላይ ይሰቅላሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አይሰቅሉም። ጠይቄያቸዋለሁ። የቡታጅራን የሴቶች ፊልም ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካውም ተስማምተውልኛል። እንዲያውም ያለዚያ አልገባም ብያቸው ነው።»

«መቼ ነው የጠየቅካቸው?»

«የዛሬ ሳምንት። ለመቀጠር ስሄድ።»

«ኡበይድ ከመጣ በኋላ?»

«አዎ።»

«ታጭታለች ከተባልክ በኋላ?»

ዑመይር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ያ ነጋቲቩ ዝቅ ባለበት ቀን ያየችው ዓይን ነው። «ብታገቢም» አለ፣ «ማሽኑ እስኪመጣ ፊልምሽን የምትሰጪው የታመነ ቦታ ያስፈልግሻል። ሙሽሮቹ ያመኑት አንቺን ነው። እኔ ስለሄድኩ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

ፈትሂያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እንደዚህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ቢጮህባት ትጮህበት ነበር። ቢለምናት ትኮራበት ነበር። ሰውየው ግን ያጣት መስሎት እንኳ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የማያውቃቸውን ሰዎች ስለ እሷ ሙሽሮች ሲያስምል ከርሟል፤ ለእሷ ደግሞ አንዲት መስመር ጽፎ ዝም ብሏል። ልትመታውም፣ ልታቅፈውም አልቻለችም፤ መንገዱ ሰው የሞላበት ነው።

እንባዋን ጠርጋ ሦስቱን ፊልሞች በመሃላቸው በተውት ባዶ ቦታ ላይ ዘረጋችለት። «እንካ። ሰኞ እጠብልኝ።»

«ፈትሂያ...»

«አልጨረስኩም። ሀቢቡ የሚያመጣው ማሽን ነው። ማሽን ለኔ ምን ያደርግልኛል? የተበላሸውን ቆራርጦ ይልክልኛል? አምስት ወረቀት አበላሽቶ ይቅርታ ይጠይቀኛል? ሁለት ዓመት ሙሉ ላብ የመረጥኩ መስሎህ ነበር?» ትንፋሿን ሳበች። «እኔን ሁሉንም አስብለኸኝ ነው ደስ የሚልህ? የእንሴኖ ሰው ሽማግሌ መላክ አያውቅም?»

ዑመይር ፊልሞቹን እንደያዘ ቀረ። አንዱን ፊልም በጣቶቹ መሃል አገላበጠው። «አባትሽ እኔን...»

«አባቴን ለኔ ተወው!»

ወደ መናኸሪያው ስትሮጥ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረጨባት። ልቧ ከእሷ ቀድሞ ይሮጥ ነበር፤ ከፍርሃትና ከደስታ የትኛው እንደሚገፋው ሳይታወቃት።

ቡታጅራ ስትደርስ አባቷ የዐስርን ሶላት ሰግደው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኡበይድም ከአዲስ አበባ መጥቷል። የት እንደዋለች አልደበቀችም፤ ቆማ፣ ከነጭቃዋ፣ አንድ በአንድ ተናገረች። ስለ ኬሚካሉ፣ ስለ ፊልሞቹ፣ ሰውየው ሥራውን ስለ መልቀቁ። ሽማግሌ የምትለዋ ላይ ስትደርስ ድምጿ ቢቀንስም አላቆመችም።

ኡበይድ ዘሎ ተነሳ። «ሰማህ አባ? ለአንድ ደሞዝተኛ! ማሽን መርከብ ላይ እየተጫነላት! እኔ ሀቢቡን በምን ዓይኔ ነው የማየው?»

«ተቀመጥ» አሉት ሸረፋ።

«ስም አለን እኮ! ሰው ምን...»

«ተቀመጥ አልኩህ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሲቆጡም ሲደሰቱም ድምፃቸው አንድ ነው፤ ፈትሂያን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያስጨንቃት ይህ ነበር። «ያ ፎቶ ዛሬ ሲታይ ያምራል ነው ያልሽኝ?»

«ያምራል አባ። ማንም አያውቅበትም።»

«ቀለሙ የሚለቀው ከዓመታት በኋላ ነው።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ደግሞ እሱን መጥቶ የሚጠይቀው አይኖርም።»

«ማንም አይጠይቀውም።»

ሸረፋ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ። አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። «ቀለሙ እንዳይለቅ ብሎ ሥራውን የለቀቀ ልጅ ነው የምትነግሪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ በዚህ ገበያ ስንት ሰው አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።» ከዚያ ኡበይድን አዩት። «ሀቢቡን እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ይገባዋል። ማሽኑም ገዢ አያጣም።»

«አባ!»

«የእንሴኖዎቹ ሽማግሌ ይላኩ።»

ኡበይድ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ከግቢው ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ተንጓጓ። ሸረፋ ምንም እንዳልተፈጠረ መቁጠሪያቸውን አነሱ።

ፈትሂያ ከበረንዳው ወረደች። ከቤቱ ጀርባ ወዳለው እንሰት መሃል ገብታ ቆመች። በሰፋፊው ቅጠል ላይ የቀረው ዝናብ ይንጠባጠባል፤ አዛን ከሩቅ ይሰማል። ይላኩ ብለዋል። አባቷ በገዛ አፋቸው ይላኩ ብለዋል! ለመሳቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ነገር በአንድ ቀን ሲሆን እሱ ተራራ ማዶ ነው፤ ምንም አያውቅም፤ አሁን ምናልባት ሻንጣውን እያሰረ፣ «አባትሽ እኔን...» እያለ፣ ተስፋውን እየቆረጠ ነው። እዚህ መሆን ነበረበት። ፊቱን ማየት ነበረባት። ከሁለት ዓመት ንዴቷ ሁሉ ይህ ባሰ፤ ቅጠሉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዝናቡ ራሷ ላይ እየረገፈ፣ ያንን ሰውዬ እየረገመች በደስታ አለቀሰች።